ማርሽማሎው በከሰል ላይ ስንጠብስ ለምን ላዩ ከስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል? (ለክረምት ዕረፍት፣ ለልጆች)

የካዛንቺሷ፦

ጤና ይስጥልኝ። ትምህርት ስለተዘጋ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ናቸው። ለቡሄ ሰሞን የጎረቤት ልጆችንም ጨምሬ ስምንት ልጆች (ከ6 እስከ 11 ዓመት) ማርሽማሎው (ከስኳርና ከጄላቲን የሚሠራውን ለስላሳ ጣፋጭ) በከሰል እንዲጠብሱ አስቤያለሁ። ያለኝ አንድ መካከለኛ ከሰል ማንደጃ፣ ጠባብ ግቢና በቆርቆሮ የተከደነ በረንዳ ነው።

ከሱፐርማርኬት የተገዛውን ስሞክረው ላዩ በሴኮንዶች ውስጥ ይጠቁርና ውስጡ እንደነበረ ይቀራል። አንዳንዱ ከእንጨቱ ተንሸራቶ ከሰሉ ላይ ይወድቃል። ሁሉም ደግሞ ላምባ ላምባ ይሸታል። ከረጢቱም ሲገዛ ጀምሮ ተነፍቶ ነበር፤ ተበላሽቶ ይሆን?

እቤት ልሥራው ብዬ ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት አሠራር ሽሮፑን 115 ዲግሪ ካደረስኩት ድርቅ ያለ፣ ጥርስ የሚይዝ ነገር ይወጣል። ደግሞም ከልጆቹ የሚበዙት ፍልሰታን ይጾማሉ፣ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። ሁሉም አብረው የሚበሉት ነገር ካለ ንገሩኝ። የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ፍምና አመድ፦

እህቴ፣ መክሰሉም መውደቁም ሽታውም የእሳት አያያዝ ጉዳይ ነው። አንድ በአንድ ልጻፍልሽ።

ማርሽማሎው የሚጠበሰው በፍም ነው፣ በነበልባል አይደለም። ከግማሽ በላይ መጠኑ አየር ስለሆነ ሙቀት ወደ ውስጡ ቶሎ አያልፍም። ነበልባል ሲነካው ላዩ ላይ ያለው ስኳር ወዲያው ይቃጠላል፣ መሀሉ ግን ገና አልሞቀም። አመድ የለበሰ ፍም ላይ ሲሆን ሙቀቱ ረጋ ያለ ስለሆነ ላዩ እስኪቀላ ድረስ ውስጡም ለመቅለጥ ጊዜ ያገኛል።

ማንደጃውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ከሰል ሙዪው። ከታች ደረቅ ጭራሮ ወይም የእንቁላል ካርቶን ቁራጭ አድርገሽ አቀጣጥዪው። ላምባ፣ ናፍጣ፣ ፌስታል፣ የላስቲክ ጫማ ቁራጭ በፍጹም አይሁን፤ ሽታው የመጣው ከዚያ ነው። ማርሽማሎው ላዩ የሚያጣብቅና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ጭሱን ይይዛል። ወጥ ሲሠራ ድስቱ ስለሚከልለው የማቀጣጠያው ሽታ አይታወቅም፣ እዚህ ላይ ግን ምግቡ ከፍሙ ጋር ፊት ለፊት ነው።

ከተቀጣጠለ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ዝግጁ የሚሆነው ጥቁር ቁራጭ ሳይቀር ሁሉም ከላይ ግራጫ አመድ ሲለብስ፣ ከሥሩ ቀይ ሆኖ ሲታይና ፍሙ ላይ የምትርመሰመሰው ሰማያዊ ነበልባል ስትጠፋ ነው። መዳፍሽን ከፍሙ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ያዢ፤ ሦስት አራት ሴኮንድ ከቻልሽ ልክ ነው። ወዲያው ካሸሸሽ ገና ይሞቃል፣ ትንሽ አመድ በላዩ ነስንሺ። ስድስት ሰባት ሴኮንድ ከቻልሽ ደክሟል፣ አራግቢው። ልጆቹ እየጠበሱ ሳለ ግን ማራገብ አይቻልም፤ አመዱ ተነስቶ ማርሽማሎው ላይ ይለጠፋል፣ ዓይናቸውም ውስጥ ይገባል።

ፍሙን ወደ አንድ ጎን ግፊው፣ የማንደጃው ግማሽ ባዶ ይሁን። ልጆቹ ማርሽማሎውን ከፍሙ ጎን፣ በባዶው በኩል ይያዙ። የወደቀ ማርሽማሎው ባዶው ላይ ያርፋል። ፍም ላይ ሲወድቅ ስኳሩ ነበልባል ስለሚያስነሳ የሌሎቹን ሁሉ ያከስላል።

ርቀቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ጊዜው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። እንጨቱን በጣቶች መሀል ቀስ እያሉ ሳያቋርጡ ማዞር። መጀመሪያ ላዩ ይደርቃል፣ ከዚያ ያብጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቡናማ የሚሆነው። ሳያብጥ ቡናማ ከሆነ በጣም ቀርቧል ማለት ነው። አብጦ እንጨቱ ላይ መወዛወዝ ሲጀምር ውስጡ ቀልጧል፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ይወድቃል።

ስለ ከሰሉ ደግሞ አንድ ነገር፦ ክረምት ላይ ጆንያ ውስጥ ያለ ከሰል እርጥበት ይጠጣል። ሁለት ቁራጭ አጋጪ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ሲያወጣ እርጥቡ ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። እርጥቡ መጨሱ ብቻ ሳይሆን እየፈነዳ ብልጭታ ስለሚረጭ ለልጆች ፊት አደገኛ ነው። ከአንድ ቀን በፊት አውጥተሽ ደረቅ ቦታ አስጪው። ከተገኘ የግራር ከሰል ምረጪ፣ ጠንካራ ስለሆነ ፍሙ ይቆያል። ማንደጃው ላቀች ወይም ሌላ ውስጡ ሸክላ ያለው ከሆነ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ይሰነብታል፤ የቆርቆሮው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጎኑም ያቃጥላል።

ባለ ሙያ በአራት ኪሎ፦

የእሳቱን ነገር በደንብ ተጽፏል። እኔ ስለ ማርሽማሎው ራሱ ልጨምር።

ከረጢቱ መነፋቱ ብልሽት አይደለም። ማርሽማሎው የሚታሸገው ብዙውን ጊዜ በባሕር ጠለል አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች ነው። መሀል አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ከዚያ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፣ ከረጢቱ ውስጥ የታሸገው አየር ይለጠጣል። የሚታየው የጊዜ ገደቡና ልስላሴው ነው። ከረጢቱን ከውጪ ጫን አድርገሽ ስትለቂው ወደ ቅርጹ የሚመለስ ጥሩ ነው። እንደ ተጫነ የሚቀር ወይም ጠጣር የሆነ ደርቋል፤ የደረቀ ደግሞ ውስጡ ሳይቀልጥ ላዩ ይከስላል። ለመጥበስ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ነጩን ትልቅ ውሰጂ። ውስጡ ማርማላታ ያለው ለእሳት አይሆንም፤ ማርማላታው ሲፈላ በስቶ ይወጣል፣ ከስኳሩም በላይ ያቃጥላል። ጥቃቅኖቹ ብቻ ከተገኙ አራት አምስቱን እየነካኩ አንድ እንጨት ላይ ደርድሪያቸው።

ለምን እንደሚቀላና ለምን እንደሚወድቅ ማወቅ ይረዳል። ማርሽማሎው ስኳር፣ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ውሃና ጄላቲን ነው፣ አየሩን የሚይዘው ጄላቲኑ ነው። ጄላቲን 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ላዩን የሚያቀላው የስኳርና የፕሮቲን (የጄላቲኑ) መዋሐድ ግን 140 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፋጠነው፣ ተራው ስኳር ካራሜል መሆን የሚጀምረው ደግሞ 160 ላይ ነው። ውስጡ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ላዩ ዘግይቶ ይቀላል። በመሀል ያለችው አጭር ጊዜ ናት የመጥበስ ሙያ። የብረት ዘንግ ስትጠቀሚ ብረቱ ስለሚሞቅ ማርሽማሎው ከመሀሉ ቀልጦ ላዩ ሳይቀላ ይንሸራተታል። መውደቁ ከዚያም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ 115 ዲግሪው። እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሽሮፕ ሲፈላ ሙቀቱ የሚነግርሽ ውስጡ ስንት ውሃ እንደቀረ ነው። አሠራሩን የጻፈው ሰው አገር ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ እኛ ጋ በ92 ገደማ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 115 የደረሰ ሽሮፕ ሌላ አገር 123 እንደደረሰ ነው፤ ውሃው ከሚገባው በላይ ተኗል። የደረቀብሽ ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቴርሞሜትርሽን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ክተቺና ያነበበውን ከ100 ቀንሺ። ያገኘሽውን ልዩነት ከአሠራሩ ቁጥር ላይ ቀንሺ። ውሃው ላይ 92 ካለ 8 ትቀንሺያለሽ፣ ሽሮፑን 107 ላይ ታወርጂዋለሽ። ቴርሞሜትሩ ራሱ አንድ ሁለት ዲግሪ የሚያዛባ ቢሆን እንኳ በዚህ ይስተካከላል። ቴርሞሜትር ከሌለ ሽሮፑን በማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጊ፤ በጣት ተጠቅልሎ ለስላሳ ኳስ ሲሆን፣ ሲጫኑት ጠፍጠፍ ሲል ደርሷል።

መጠኑ፦ 21 ግራም ጄላቲን በ120 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ። 300 ግራም ስኳር፣ 240 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ ሽሮፕ፣ 120 ሚሊ ሊትር ውሃና ቁንጥር ጨው ድስት ላይ አድርጊ። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አማስዪ። ከፈላ በኋላ ማንኪያ አይግባበት፣ ስኳሩ ተመልሶ ድንጋይ ድንጋይ ይላል። 107 ሲደርስ አውርደሽ አረፋው እስኪበርድ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ ጄላቲኑ ላይ አፍስሺ። ሚክሰሩን በዝግታ ጀምረሽ ወደ ከፍተኛው አድርሺው፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ምቺ። ሳህኑ በእጅ ሲነካ ለብ ያለ፣ ሊጡም ከመምቻው ላይ እንደ ወፍራም ጥብጣብ የሚወርድ ሲሆን ቫኒላ ጨምረሽ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ገልብጪው። ከላይና ከታች የዱቄት ስኳርና የበቆሎ ስታርች እኩል በእኩል ቀላቅለሽ ነስንሺ። አድሮ ይቆረጥ።

እቤት የተሠራው ከተገዛው ይልቅ ውሃ ይበዛበታል። ወዲያው ከጠበስሽው ይፈሳል። ተቆርጦ አንድ ቀን ሳይከደን ላዩ ይድረቅ፣ ሲጠበስም ከፍሙ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ግሉኮስ ሽሮፕ በማር ልተካ ካልሽ ይቻላል፣ ግን ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚቀላ ውስጡ ሳይቀልጥ ላዩ ይጠቁራል፤ ከግማሹ በላይ አትተኪ። ጥሬ አናናስ ወይም ፓፓያ ደግሞ ከጄላቲን ጋር እንዳታዋህጂ፤ ውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ጄላቲኑን ይፈታዋል፣ በጭራሽ አይረጋም።

የሽምብራ ውሃ፦

የጾሙ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳያልፍ። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፣ በብዛት ከአሳማና ከከብት። ስለዚህ ተራው ማርሽማሎው የፍስክ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ለሚጾሙ ልጆች አይሆንም። ቡሄም ነሐሴ 13 ስለሆነ ጾሙ ውስጥ ነው። ለሙስሊሞቹ ልጆች የአሳማ ጄላቲን ያለው አይሆንም፣ የከብት ቢሆንም የሐላል ምልክት ይፈለጋል። የሐላል ምልክት ያለውን ደግሞ አንዳንድ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ በፍስክም ጊዜ አይቀበለውም። ልጆቹን ለሁለት ከፍሎ ከማብላት ከዕፅዋት ብቻ የተሠራውን ለሁሉም ማቅረብ ነው የሚሻለው። ለማንኛውም ወላጆቻቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ።

እቤት ከሽምብራ ውሃ ይሠራል። ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ ያለ ጨው ቀቅዪው፣ ውሃውን አታፍስሺ። ውሃው ሲበርድ እንደ እንቁላል ነጭ ልጋግ የሚል መሆን አለበት። ከቀጠነ ድስት ላይ መልሰሽ አትንኚው፤ የቀጠነ ውሃ አረፋ አይዝም፣ ብዙዎች የሚያቅታቸውም በዚህ ነው።

120 ሚሊ ሊትር የዚህን ውሃ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ምቺ፣ ሳህኑን ስትገለብጪው እስከማይንቀሳቀስ ድረስ። ሳህኑ ላይ ዘይት ካለ አይነሳም፣ አስቀድመሽ በሎሚ ጥረጊው። በሌላ በኩል 2 የሻይ ማንኪያ የአጋር ዱቄት በ180 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ፣ 200 ግራም ስኳር ጨምረሽ ለ5 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይፍላ። አጋር ከባሕር አረም የሚወጣ ማርጊያ ነው፣ ካልፈላ አይሟሟም፤ ከዚያ ደግሞ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ወዲያው ይረጋል። ስለዚህ ትኩሱን እየመታሽ በቀጭኑ አፍስሺ፣ እንደተዋሐደ ፈጥነሽ ትሪ ላይ አድርጊ። ቆም ካልሽ ሳህኑ ውስጥ ይቋጠራል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህኛው እንጨት ላይ አይጠበስም። አጋር አንዴ ከረጋ እስከ 85 ዲግሪ ገደማ አይቀልጥም፤ ከፍም በላይ ሲያዝ አያብጥም፣ ይደርቃል ወይም ተሰንጥቆ ይወድቃል። ከብስኩት ላይ አስቀምጠሽ የጋለ ማንኪያ ጀርባ ላዩ ላይ ጫን አድርጊበት። ማንኪያው ፍም ላይ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፣ እጀታው በጨርቅ ይያዝ፣ ይህን የሚያደርገው አዋቂ ይሁን። ስኳሩ ጭስ ጭስ ብሎ ወዲያው ቡናማ ይሆናል፣ ጣዕሙ ከተጠበሰው ብዙም አይርቅም።

ሸቀጥ ቤት፦

ስለ ብስኩትና ቸኮሌት ማንም አላነሳም። አሜሪካኖች ማርሽማሎውን በሁለት ብስኩት መሀል ከቸኮሌት ጋር የሚያደርጉት ስሞርስ ለልጆች በጣም ይመቻል፣ እጅም ከማጣበቅ ይድናል። የእነሱ የግራሃም ብስኩት እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ማሪ ብስኩት ይሠራል፤ ቀጭንና ክብ ስለሆነ ሲነከስ በአንዴ ይሰበራል። ወፍራሙ ዳይጀስቲቭም ይሆናል፣ ጨው ጨው ስለሚል ጣፋጩን ያመጣጥናል። ባለ ክሬም ብስኩት ግን ስኳር በስኳር ይሆናል።

ቸኮሌቱ የማይቀልጠው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ቀኑ ቀዝቃዛ ነው፣ የማርሽማሎው ሙቀት ብቻውን ወፍራም ቸኮሌት አያቀልጥም። ቸኮሌቱ ቀጭን ይሁን። ብስኩቱ ላይ አድርገሽ ከማንደጃው ጠርዝ አጠገብ፣ ትሪ ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ይሙቅ፤ ላዩ ማብረቅረቅ ሲጀምር ማርሽማሎውን ጫኚበት። በአትክልት ዘይት የተሠራው ርካሹ ቸኮሌት እንደ ካካዎ ቅቤው አፍ ላይ አይቀልጥም፣ ሰም ሰም ይላል። ለሚጾሙት ወተት የሌለበትን ጥቁሩን ፈልጊ። ብስኩቱም ላይ የወተት ዱቄት ይኖራልና ጀርባውን አንብቢ። የለውዝ ቅቤ በቸኮሌት ፈንታ ቢቀባ ከሁሉም ይጣፍጣል የምለው እኔ ነኝ፤ ግን ለውዝ የማይስማማው ልጅ መኖር አለመኖሩን አጣሪ።

የካዛንቺሷ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። እንጨቱን ከምን ላድርገው? ግቢው አጥር ላይ ቅንጭብ አለ፣ ከሱ ቆርጬ ብስለውስ? ደግሞ ዝናብ ከመጣ ማንደጃውን ወደ ቤት ማስገባት ይቻላል? በር ክፍት አድርጌ።

ፍምና አመድ፦

ቅንጭብ አይሆንም! ነጭ ወተቱ ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ከገባ ከባድ ጉዳት ያመጣል፣ ምግብ ሊነካው አይገባም። ምንነቱን የማታውቂውን የግቢ ተክልም ተዪው። ሱቅ የሚሸጠው የቀርከሃ ጥብስ እንጨት 30 ሳንቲ ሜትር ስለማይሞላ የልጅ እጅ ፍሙ ላይ ይቀርባል። ሁለቱን በክር አጥብቀሽ ካላስረዘምሽው ለትንንሾቹ አትስጪ። የሚሻለው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ የተላጠና የደረቀ የወይራ ወይም የቀርከሃ ዘንግ ነው፣ ጫፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ድረስ ይቀረጽ። 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ ቶሎ አይቃጠልም። ሽቦ ለመጠቀም ከፈለግሽ በዚንክ የተለበጠውን የአጥር ሽቦ አይሁን፣ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ይጎዳል።

በአንድ ጊዜ ከአራት ልጅ በላይ ማንደጃው ዙሪያ አይቁም። ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው። ናይለን ጃኬትና የአንገት ልብስ ይውለቅ።

ነርስ ነኝ፦

የሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ማንደጃው ቤት አይገባም። በር ተከፍቶም ቢሆን፣ ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ ያለው ከሰል ዓይን ስለሚያቃጥል ሰው ይሸሸዋል፤ አደገኛው ግን ጭሱ ያለቀው፣ ጥሩ ፍም የሆነው ነው፣ ምክንያቱም ምንም ምልክት የለውም። በክረምት ሰው ብርድ ፈርቶ መስኮት ይዘጋል፣ ፍሙን ለሙቀት ብሎ መኝታ ቤት ያስገባል፣ ቤተሰብ እንደተኛ ይቀራል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ከታየ ወዲያው ወደ ውጪ አየር ማውጣትና ወደ ሕክምና መሄድ ነው። በረንዳውም ሁለት ጎኑ ሙሉ በሙሉ ክፍት ካልሆነ አይታመንም። ዝናብ ከመጣ ልጆቹ ይግቡ፣ ማንደጃው ውጪ ይቅር። በእኛ ክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከሰሉን ብታያይዢ እስከ 6 ሰዓት ትጨርሳላችሁ።

የቀለጠ ስኳር ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ይብሳል፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ማርሽማሎው እሳት ከያዘ በእፍታ ይጥፋ። ልጆች በድንጋጤ ያራግፉታል፣ የተቀጣጠለው ጎረቤታቸው ፊት ላይ ያርፋል፤ ይህን ከመጀመርሽ በፊት ንገሪያቸው። ከተጠበሰ በኋላ አንድ ደቂቃ ሳይበርድ አይነከስ፣ ላዩ ቢበርድም ውስጡ ይፈላል። ከተቃጠለ ቦታውን በሚፈስ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያዢ፣ የተጣበቀውን አትላጪ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል አይቀባ፤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል፣ ቁስሉንም ይመርዛል። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ ወይም ውሃ ከቋጠረ ወደ ጤና ተቋም። አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብሽ ይሁን። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

እማማ እሸት፦

ልጄ፣ ሁሉም ደህና ጽፈዋል። ማርሽማሎው ግን ለልጅ ሁለት ሦስት ቢበላ ይበቃዋል። ያ ሁሉ ፍም ከተያያዘ የክረምቱን ሲሳይ አብሪበት። ለጾመኛውም ለሙስሊሙም የሚሆን በቆሎ እሸት አለ።

በቆሎውን ስትገዢ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ጸጉሩ ጫፉ ቡናማ የሆነውን ምረጪ። ከላይ ትንሽ ገልጠሽ አንዷን ፍሬ በጥፍርሽ ውጊያት። ነጭ ወተት ከወጣ ለጥብስ ልክ ነው። ውሃ የመሰለ ከወጣ ገና ነው፣ ተጠብሶ ይጨማደዳል። ምንም ካልወጣ፣ ሊጥ ሊጥ ካለ አርጅቷል፣ ፍም ላይ እየፈነዳ ይደርቃል። ከመንገድ ዳር ጥብስ ሻጮች የምትገዢው በቆሎ አንዳንዴ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ የሚሆነው እነሱም እንዳንቺ በነበልባል ሲቸኩሉ ነው።

ቅጠሉን ሳትገነጥዪ ወደ ኋላ መልሰሽ እሰሪው፣ መያዣ ይሆናል፤ ጸጉሩን አጽጂ። ፍሙ ላይ ሽቦ ወንፊት ካለሽ ጥሩ፣ ከሌለሽ ጠርዙ ላይ አስደግፊው። ከ8 እስከ 12 ደቂቃ፣ በየደቂቃው ሩብ ዙር እያዞርሽ። ፍሬዎቹ መጀመሪያ ያብረቀርቃሉ፣ ከዚያ ቢጫቸው ይደምቃል፣ ከዚያ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣሉ። አንድ ሁለቱ ጠሽ ሲሉ ደርሷል። ከእሳት እንደወጣ በጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ ዙሪያውን አሳልፊበት፣ ጨው የሚይዘው ትኩስ ሳለ ነው። ቅቅሉ እዚህ አገር ውሃው ቶሎ ስለሚፈላ ነገር ግን ስለማይሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ጥብሱ ግን ከፍታ አያውቅም።

ስኳር ድንች ከፈለግሽ ከመዳፍ የማይበልጠውን፣ ረዘም ቀጠን ያለውን ታጥበሽ ከነልጣጩ በፎይል ጠቅልዪ። ማርሽማሎው ከመጀመሩ በፊት ከፍሙ ጎን፣ ትኩስ አመድ ውስጥ ቅበሪው። በ20 ደቂቃው ገልብጪው፣ በ45 ደቂቃ ገደማ ቢላ ያለ ችግር ይገባል። ፍም በላዩ ከተከመረ አንድ ጎኑ ይከስላል፣ ሌላው ጠጣር ይቀራል። ሙዝም ከነልጣጩ በሆዱ በኩል ሰንጥቀሽ ጥቁር ቸኮሌት አስገቢበትና በፎይል 10 ደቂቃ አቆዪው፤ በማንኪያ ይበላል።

ቡሄም ስለሆነ የሙልሙል ሊጥ በዘንግ ላይ ሞክሩ። ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 7 ግራም እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። አንድ ሰዓት ይነሳ፤ ብርድ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል። በአውራ ጣት ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ የጣት ያህል የቀጠነውን ሊጥ ጠምጥሚ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደረብ፤ የተደረበው ቦታ ጥሬ ይቀራል። ከፍሙ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ለ10 እስከ 12 ደቂቃ ማዞር። ከዘንጉ በራሱ ሲላቀቅ በስሏል። ችቦው ላይ ግን ምንም ነገር እንዳይጠበስ፤ ነበልባሉ ጥቀርሻ ያለው ነው፣ ላምባም የነካው ሊሆን ይችላል።

የካዛንቺሷ፦

እማማ እግዜር ያክብርልን፣ በቆሎውም ሙልሙሉም ገብቷል። ባለ ሙያ፣ የመጨረሻ አንድ ጥያቄ፦ እቤት የሠራሁት ተርፎ ቢያድር እርጥብ እርጥብ እያለ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ፍሪጅ ይግባ?

ባለ ሙያ በአራት ኪሎ፦

ፍሪጅ አይግባ። ስታወጪው አየሩ ላይ ያለው እርጥበት ላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጥና ስታርቹን ያቀልጠዋል። ስኳር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በነሐሴ አየር ላይ ተገልጦ ካደረ ማጣበቁ አይቀርም። ላዩ አንዴ ከደረቀ በኋላ ከላይና ከታች የስታርቹን ድብልቅ ነስንሰሽ፣ በመደዳው መሀል የመጋገሪያ ወረቀት አድርገሽ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቺው። ከምድጃና ከመስኮት ይራቅ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከተጣበቀ በኋላ ከሆነ በመቀስ ለያዪው፣ መቀሱን በየጊዜው ዘይት እየነካሽ፣ አዲስ ስታርች ነስንሰሽ ለግማሽ ቀን ደረቅ ክፍል ውስጥ ዘርጊው። የሽምብራው ግን በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ፤ አጋር ውሃውን እየለቀቀ ስለሚሄድ ሥሩ ይረጥባል።